በቁመት የተሰለፉ መጻሕፍት

ሰይዳ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በየጠዋቱ ታነበዋለች። የተለወጠ ነገር እንደሌለው እያወቀች ታነበዋለች። «ለክቡራን እንግዶቻችን ተዘጋጅቶ ታሽጓል። ያለ ዲኑ ፈቃድ መክፈት ክልክል ነው።» ከሥሩ ቀን አለ፣ ፊርማ አለ፣ ግማሹ በሩ ላይ ግማሹ መቃኑ ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም አለ። ከተጻፈ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሰማያዊውን ማኅተም አደብዝዛው አመድ አስመስላዋለች።

«ዛሬስ ምን ይላል?» አሏት የግቢው ዘበኛ ጋሼ ታደሰ፣ ከማንጎው ሥር እንደተቀመጡ።

«ትናንት ያለውን።»

«እንግዲያው አልተሻረም።»

«አልተሻረም ጋሼ።»

ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አየችውና መልሳ ከተተችው። ከዚያ እንደ ሰሞኑ ልማዷ ከእሳቸው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል። ከአጥሩ ባሻገር፣ በደሴው መንገድ፣ ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች ያልፋሉ፤ ባጃጆች በመሃላቸው ይሽሎከለካሉ። በሩ የተዘጋበት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ምን ይሠራል? ይቀመጣል። ሰይዳ እንደ መቀመጥ የሚያደክም ሥራ እንደሌለ በሃምሳ አንድ ዓመቷ የተረዳችው በነዚህ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ነው።

ወደ ኮሌጁ የመጣችው በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ «ሰው እስኪተካ ለአንድ ሳምንት ያዢልኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጣት። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ በየመጽሐፉ ጀርባ ያለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው ስታጣ፣ አንድ በአንድ እየገለጠች፣ የትኛው ቁጥር የትኛውን ዕውቀት እንደሚጠራ በራሷ ደረሰችበት። ሁለት መቶዎቹ የሃይማኖት ናቸው፤ ስድስት መቶ ሠላሳዎቹ የእርሻ። በኋላ ሥልጠና ላኳትና የምስክር ወረቀት ይዛ ተመለሰች። እዚያ የነገሯት አብዛኛው የምታውቀውን ነበር፤ ግን ዝም ብላ አዳመጠች፣ ማዳመጥ አይከብዳትም። መብራት በጠፋ ቀን እንኳ ዳብሳ የተጠየቀችውን ታወጣለች።

በጦርነቱ ከተማው ባዶ የሆነበት ያ ኅዳር መጣና መደርደሪያው ላይ የነበረው ሁሉ አለቀ። የውሰት ካርዱም መዝገቡም አብሮ ተቃጠለ። ሰይዳ ከሸሸችበት ስትመለስ አራት ግድግዳና አመድ ጠበቃት። የተረፉት፣ በዚያን ጊዜ በየሰው ቤት የነበሩት መጻሕፍት ብቻ ናቸው። አንዱ ከካራቆሬ በባጃጅ ተላከ፤ አንዱ ከማጀቴ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ፤ አንድ የቀወት ገበሬ ደግሞ ልጁ የተዋሰውን መጽሐፍ ከማሽላ ጉድጓድ አውጥቶ፣ አፈሩን በጋቢው ጠርጎ፣ «አደራሽ ይኸው» ብሎ እጇ ላይ አኖረው። ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቅ ወረቀት አልነበረም፤ ቢያስቀሩት ጠያቂ የላቸውም። መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሰይዳ መደርደሪያ ሙሉ ሆኖ ስታይ ደስ አይላትም።

ካርድ ስለሌለ በመያዣ ማዋስ ጀመረች። ተማሪው መጽሐፍ ሲወስድ፣ ሲያጣው የሚቸግረውን አንድ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ እሷም ከጠረጴዛዋ ኋላ ባለው ሳንቃ ላይ በሚስማር ታንጠለጥለዋለች። ማጭድ ተንጠልጥሎ ያውቃል፣ አንድ እግር ጫማ፣ የድስት ክዳን፣ የሬዲዮ አንቴና። ማተብና መቁጠሪያ ግን አትቀበልም። «የፈጣሪን ነገር እኔ ዘንድ አታስይዙ» ትላለች። መጻሕፍቱ ከየቦታው በተገኘ ስጦታ አራት መቶ ሲደርሱም መያዣው አልቀረም፤ ሰው ለምዶታል።

ዲኑ አቶ ኪሩቤል ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሰይዳ ለማንም ትመሰክራለች። ወጣት ነው፤ ለኮሌጁ አንድ ነገር ለማምጣት በየቢሮው ደጅ ሲጠና ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ከውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ፣ አይተው ከወደዱት አዲስ የንባብ አዳራሽ ያሠራሉ የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው እንቅልፍ አጣ። የወጡት መጻሕፍት በሙሉ ተጠርተው ይመለሱ አለ፤ ተመለሱ። «ይህ ሳንቃ ላይ ያለው ኮተት ይነሳ» አለ፤ ሰይዳ መያዣዎቹን ለየባለቤቶቻቸው መለሰች። ግድግዳው ተቀባ። መጻሕፍቱ አርጅተዋል፣ ተቀዳደዋል ብሎ ሁሉም በአንድ ዓይነት ካኪ ወረቀት እንዲሸፈኑ አደረገ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና በቁመት አሰለፋቸው፤ ረጃጅሞቹ ከግራ፣ አጫጭሮቹ ከቀኝ፣ እንደ ደረጃ እየወረዱ።

«ቁጥራቸውስ አቶ ኪሩቤል?» አለችው ያን ዕለት።

«ከሽፋኑ ሥር አለ አይደል? የትም አይሄድ።»

«የእርሻው ከሒሳቡ፣ ሒሳቡ ከሃይማኖቱ ተቀላቀለ እኮ።»

«እትዬ፣ የእንግዳ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሰልፉ ላይ ነው። ለሁለት ቀን ነው፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ እንደፈለጉ ያድርጉት።»

ከዚያ በሩ ታሸገ። ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ሌላ ሳምንት ወለደ። እንግዶቹ አንዴ አውሮፕላን ዘገየባቸው፤ አንዴ አዲስ አበባ ስብሰባ ገቡ፤ አንዴ መንገዱን እያጣሩ ነው ተባለ። ከሆቴል በውሰት የመጣው ምንጣፍ ሁለት ጊዜ ተነጥፎ ሁለት ጊዜ ተጠቀለለ።

«ላም አለኝ በሰማይ» አሉ ጋሼ ታደሰ፣ ሦስተኛው ቀጠሮ ሲያልፍ።

«ወተቷን ተዉት፣ እበቷን መጥረጉ ነው የደከመኝ» አለች ሰይዳ፤ ሁለቱም ትንሽ ሳቁ።

ረቡዕ ከሰዓት ሕይወት የምትባለው ልጅ መጣች። የመስኖ ተማሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ ዳር ለነጋዴዎች ሽንኩርት ትመርጣለች፣ ከሰዓት ትማራለች። እጇ ከሩቅ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«እትዬ፣ ያ አረንጓዴው የመስኖ መጽሐፍ…»

«ውስጥ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። እኔው ነኝ የመለስኩት።»

በወቀሳ አልነበረም ያለችው። መጻሕፍቱ ሲጠሩ በመጀመሪያው ቀን ካመጡት አንዷ እሷ ነበረች፤ ሰይዳም መያዣዋን፣ የእናቷን የሳጥን ቁልፍ፣ ከሚስማሩ አውርዳ በዚያው ቀን ሰጥታታለች። መጽሐፉ ሌላ ቅጂ የለውም። የሙያ ብቃት ምዘናው ደግሞ ሰኞ ነው። ሕይወት ባለፈው ዓመት ወድቃለች፤ የጣላትም የውኃ ልክ ስሌት ነው፤ ስሌቱ ያለው እዚያ መጽሐፍ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።

«ከጓደኞችሽ ማስታወሻ አታገኚም?»

«እነሱም ከዚያው ነው የገለበጡት። ስሌቱ ላይ ሲደርሱ ዘለውታል።»

«እንደው ባይሳካ እንኳ ለከርሞ…»

«ከርሞ የለም እትዬ። ወንድሜ ደላላ አነጋግሯል። ፓስፖርቴም ወጥቷል። እስከ ምዘናው እታገሥሻለሁ፣ ከወደቅሽ ግን ቤሩት ነሽ ብሎኛል።» ይህን ስትል ዓይኗ ማኅተሙ ላይ ነበር። «መቼ ይከፈታል?»

ሰይዳ ተነሥታ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደች። አቶ ኪሩቤል ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣት፤ ይህን ክብር አጓድሎባት አያውቅም።

«ነገ ጠዋት ናቸው እትዬ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ያድራሉ።»

«የምፈልገው አንድ መጽሐፍ ነው። ራስዎ ከፍተው ራስዎ ያሽጉት።»

«ማኅተሙ ተቀዶ እንደገና ቢለጠፍ ቀኑ ይለወጣላ። በዚያ ቀን ተጠናቆ ታሽጓል ብዬ ለበላይ ሪፖርት አድርጌአለሁ።» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «አንድ ቀን ይታገሡኝ። ሃያ ቀን የታገሡ ሰው አንድ ቀን ያቅትዎታል?»

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ተሰለፉ። ሰይዳ የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። አቶ ኪሩቤል በዚያ ሐሩር ኮት ደርቧል፤ ላቡ ከአንገቱ ወደ ክራቫቱ ይወርዳል። ምንጣፉ ለሦስተኛ ጊዜ ተነጠፈ። ነጭ መኪና በመጣ ቁጥር ይቃናሉ፣ ሲያልፍ ይረግባሉ። ቀትር ላይ የዙህር አዛን ሲሰማ ሰይዳ ጉልበቷን ይዛ ከሰልፉ ወጣች።

«ስልካቸው አይነሳም» አለ አቶ ኪሩቤል፣ ለራሱም ለእሷም።

«ኸይር ይሆናል።»

«መንገድ ላይ ናቸው መሰለኝ።»

እሷ ሰግዳ ስትመለስ ጋሼ ታደሰ ምንጣፉን እየጠቀለሉ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በሽንኩርት መጫኛው በኩል አለፈች። ሕይወት ከክምሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። እጇ የበሰበሰውን ከደኅናው ይለያል፤ ጭኗ ላይ ደብተር ተዘርግቷል፤ ንፋስ እንዳይገልጠው በግራ አንድ ሽንኩርት፣ በቀኝ አንድ ሽንኩርት አስቀምጣበታለች። ሰይዳን ስታይ ፈገግ አለች።

«ግድ የለም እትዬ። እሁድ ይከፍቱት ይሆናል።»

ሰይዳ «ኢንሻ አላህ» አለችና አለፈች። ግን ያ «ግድ የለም» ተከተላት። ልጅቷ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ኮሌጁ በር እስክትደርስ የምታስበው ያን የቀወት ገበሬ ነው። መጽሐፉን ከጉድጓድ ሲያወጣ የማንን ፊርማ ጠበቀ? አማናውን ለባለቤቱ አደረሰ፣ አበቃ። እሷ ግን መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ፣ በካኪ ከፍና፣ በማኅተም ቀብራ፣ ከማንጎ ሥር ተቀምጣለች።

በሩ ፊት ቆመች። ወረቀቱን እንደ ሁልጊዜው አነበበችው። ከዚያ እጇን ወደ እሱ ሰደደች።

«ሰይዳ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«ልከፍት።»

«እኔ እኮ ዘበኛ ነኝ። ያየሁትን ስጠየቅ መናገሬ አይቀርም። ቆይ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ ላዙር።»

«አያዙሩ ጋሼ። ይዩኝ። ተደብቄ የምከፍተው በር አይደለም።»

ጋሼ ታደሰ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ቀረብ ብለውም ወረቀቱን መረመሩ።

«እንዲያ ከሆነ ከላይ ጀምሪው» አሉ። «ከታች በኩል ሙጫውን አብዝተውታል።»

«ቢስሚላህ» ብላ ሳበችው። ማኅተሙ ለሁለት ተከፈለ።

ውስጡ ታፍኖ የሰነበተ ምጣድ ነበር፤ የቀለሙ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮቶቹን ከፈተችና ለሕይወት ደወለችላት። እስክትመጣ ድረስ እጇ ሃያ ሦስት ዓመት ወደሚያውቀው ቦታ፣ ወደ ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ሄደ። እዚያ አንድ ካርታ ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ቆሟል። ከጎኑ ያለውን ሽፋን ገለጥ አደረገች፤ መዝገበ ቃላት። ቀጣዩን፤ የኬሚስትሪ። አራት መቶ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ እንደማያውቋት ዝም ብለው ያዩዋታል። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ከወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን አየችው።

ሕይወት እያለከለከች ገባች።

«የቱ ነው እትዬ?»

«አላውቀውም ልጄ። የማላውቀው ነገር መጣ።» ቀና አለች። «ቁመቱ ምን ያህል ነበር?»

«ቁመቱ?»

«በቁመት አይደል የደረደሩት? በቁመት እንፈልገዋ።»

ሕይወት ዓይኗን ጨፈነች። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታጠና እንቅልፍ የሚወስዳት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጣቶቿን ዘርግታ ከአንገቷ ሥር እስከ ታች ለካች። «አንድ ስንዝርና ሦስት ጣት። ውፍረቱ ሁለት ጣት አይሞላም።»

ሰልፉን ከግራ ጀምረው በስንዝር እየለኩ ወረዱ። አንድ ስንዝርና ሦስት ጣት የሚሆኑት ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ተገኙ፤ ሠላሳ ያህል ናቸው። ከእነሱ ወፋፍራሞቹን ተዉ። ሰይዳ ካኪውን ገለጥ ታደርጋለች፣ ሕይወት ወደ ቦታው ትመልሳለች። በሰባተኛው ላይ አረንጓዴ ጥግ ብቅ አለ። ሕይወት መጽሐፉን ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው አፍንጫዋን ማስጠጋት ነው።

«የእኔን ሽንኩርት ይሸታል» አለች።

ከነጠላዋ ጫፍ ያን የሳጥን ቁልፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ አስባበት ይዛው የመጣች ይመስላል። ሰይዳ በአዲሱ ቀለም ላይ ብቻውን ከቀረው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ልጅቷ ሮጣ ወጣች።

አቶ ኪሩቤል የመጣው ሰይዳ የሳንቃውን አቧራ ስትጠርግ ነው። ኮት አልለበሰም። የተቀደደውን ወረቀት ከመሬት አንስቶ ሁለቱን የማኅተም ግማሾች አጋጠማቸው፤ አልገጠሙም።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጋሼ ታደሰ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። አይተውኛል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቆመ። ሰይዳ እንዲቆጣ ጠበቀች፤ ለዚያ ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አይመጡም» አለ። «አሁን ነው የጻፉልኝ። መንገዱን ፈርተው ከደብረ ብርሃን ተመልሰዋል። ፎቶ ላኩልንና እናየዋለን ብለዋል።»

ሰይዳ ካልመጣው እንግዳ ይልቅ ይህ ወጣት አሳዘናት። ከማሰሮው ውኃ ቀድታ ሰጠችው፤ አንድ ጊዜ ጠጥቶ ጨረሰው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መደርደሪያዎቹን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መጽሐፍ የወጣበትን ክፍተት አየው፤ የግራውን ገፋ፣ የቀኙን ሳበ፣ ገጠመው፣ አነሳው። ፎቶውን ወደ እሷ አዞረላት።

«አያምርም እትዬ?»

«ያምራል» አለች፤ እውነቷን ነበር።

«ማብራሪያ ይጻፉልኛል። በር ላይ የነበረ ማኅተም ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።»

«እጽፋለሁ።»

«እስከ ሰኞ።»

እሱ ሲወጣ ጻፈችው፤ ሦስት መስመር ነው። «ለተማሪ ለምዘና ያስፈለገ መጽሐፍ ስለነበረ በሩን ከፍቻለሁ። ማኅተሙን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ዘበኛው አይተዋል።» ሌላ የምትጨምረው ነገር አስባ አጣች። ፈረመችበት።

ቅዳሜና እሁድ ማንም ሳይጠራት መጣች። መጻሕፍቱን ከሰልፍ እያወረደች፣ ካኪያቸውን እየገፈፈች፣ ቁጥራቸውን እየፈለገች ወደየቤታቸው መመለስ ጀመረች። ወገቧ ይታመማል፤ ሃያ ባወጣች ቁጥር ታርፋለች። ጋሼ ታደሰ ከቅዳሴ መልስ መጥተው የተገፈፈውን ካኪ እያለሰለሱ አጣጠፉላት፤ ለገበያ ማሾ መጠቅለያ ይሆናል ብለው። እሁድ ማታ አንድ መቶ እንኳ አልሞላችም።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሕይወት መጣች። መጽሐፉን በሁለት እጇ መለሰች።

«ሰባተኛው ምዕራፍ መጣ?»

«መጣ። ሁለቱን ሠርቻለሁ። አንዱን እንጃ እትዬ። ውጤቱ ሐሙስ ይለጠፋል።»

ሰይዳ ተነሥታ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደች። ሕይወት እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«እስከ ሐሙስ እዚያው ይዋል።»

«መጽሐፉን መለስሽ እኮ።»

«ሌላ ልዋስ። የትኛውም ይሁን።» ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፓስፖርቴ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ነጠላዬ ላይ የቋጠረችልኝ እናቴ ናት። ለወንድሜ ቁልፉን እትዬ ሰይዳ ይዛዋለች ብላው ነበር፤ እርስዎ ገና በሩን ሳይከፍቱ።»

ሰይዳ ቁልፉን እጇ ላይ እንዳለ አየችው፤ ትንሽ ነው፣ ጥርሱ ያለቀ። ያቺን እናት አንድ ቀን በገበያ ከሩቅ እንጂ አታውቃትም። መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ከተከመሩት ላይ የላይኛውን አንስታ ካኪውን ገፈፈችና ሰጠቻት፤ ስለ ንብ እርባታ ነበር።

«እስከ ሐሙስ ተዋሺው» አለች። «ውጤቱ ካላማረ ደግሞ ሌላ ትዋሻለሽ።»

ልጅቷ ስትወጣ ሰይዳ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለችና ቀጣዩን መጽሐፍ አነሳች። ሽፋኑን ገለጠች፤ ሦስት መቶ ሰባ ነበር። ቦታው ወዲያ ማዶ ነው። ይዛው ሄደች።